አሊካንቴ ወይስ ሽምብጥ? ጡረታቸውን ሜዲትራኒያን ዳር ሊያሳልፉ ላሰቡት ጋሼ

ጋሼ ሰላም ነዎት? ጥያቄዎን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ሌላው አንባቢም እንዲገባው ባጭሩ ላስቀምጠው። እርስዎ 64 ዓመትዎ ነው፣ አሜሪካ 27 ዓመት ሰርተዋል፣ ፓስፖርትዎ የአሜሪካ ነው። ሶሻል ሴኩሪቲ፣ የአሜሪካ ጡረታዎን፣ አሁን ቢጀምሩ በወር 2,150 ዶላር ገደማ ይደርስዎታል፣ ከሱ ሌላ ያጠራቀሟት 160 ሺ ዶላር አለች። ስኳር አለብዎት፣ በኪኒን ይዘውታል። ባለቤትዎ 58 ናቸው፣ ግሪን ካርድ ይዘው 16 ዓመት ሆኗቸዋል፣ «እንግሊዝኛው ይጥለኛል» ብለው ዜግነቱን ፈርተው ትተውታል። ባህር ዳር፣ ሽምብጥ ሰፈር፣ ከእናትዎ የወረሱት ቤት አለ፣ አሁን የእህትዎ ልጅ ይኖርበታል። አንድ ጓደኛዎ ደግሞ ስፔን አሊካንቴ ገብቶ በየቀኑ የባህር ፎቶ እየላከ ልብዎን አሸፍቶታል። ጥያቄው እንግዲህ፦ ግማሹን ዓመት ሜዲትራኒያን ዳር፣ ግማሹን ባህር ዳር ብንኖር ገንዘባችን ይበቃል ወይ፣ የስፔን መኖሪያ ቪዛስ እንዴት ነው የሚወጣው?

መልሴን ከፊት ላርገው። ግማሽ በግማሽ ለመኖር ካሰቡ የስፔኑን መኖሪያ ቪዛ አይንኩት። እኔ እዚ ባህር ዳር ቁጭ ብዬ 14 ዓመት የዲያስፖራ ሰው ወረቀትና ሂሳብ ስሰራ፣ ጡረታውን፣ ቢጫ ካርዱን (የትውልደ ኢትዮጵያዊ መታወቂያውን)፣ የውርስ ቤቱን፣ የአሜሪካ ታክሱን፣ ያየሁት ነገር ቢኖር ሰው ሁሉ «ርካሽ ነው ወይ» ብሎ ይጀምርና ዋጋውን አጣርቶ ሲጨርስ ስለ ቀን ቆጠራ ግን አንድ ነገር ሳያውቅ መፈረሙን ነው። እርስዎን የሚጥልዎት ደግሞ ዋጋው አይደለም፣ ቀኑ ነው።

ቪዛውን ልንገርዎትና እርስዎ ይፍረዱ። ስፔኖች «ኖ ሉክራቲቫ» ይሉታል፣ ሳይሰራ ያለውን እየበላ ለሚኖር ሰው የሚሰጥ ነው። ገቢው የሚለካው ኢፕሬም በሚባል ቁጥር ነው፣ ይሄ ቁጥር ከ2023 ጀምሮ በወር 600 ዩሮ ላይ ቆሟል። ዋናው አመልካች የዚህን 4 እጥፍ ያሳያል፣ 2,400 ዩሮ ማለት ነው፣ ለሚስት አንድ እጥፍ ይጨመራል፣ 600። ለሁለታችሁ በወር 3,000 ዩሮ፣ በዓመት 36,000 መጣ። የእርስዎ 2,150 ዶላር ሲመነዘር 2,000 ዩሮም አይሞላም። የጎደለውን ከቁጠባ ማሳየት ይቻላል፣ 160 ሺዋ ለዚህ ትረዳለች፣ ችግሩ ግን አንዱ ቆንስላ እሺ ያለውን ሌላው አልቀበልም ይላል፣ ደግሞ የመጀመሪያው ፈቃድ ለ1 ዓመት ብቻ ነው፣ ከዛ ለ2 ዓመት ሲታደስ የሁለት ዓመቱን ባንዴ አሳዩ ነው የሚሉት፣ 72,000 ዩሮ። ያችን ብር ሳይነኩ አስቀምጠው በምን ሊበሉ ነው? ያሳዩትን ብር መብላት አይችሉማ።

ከዛ ኢንሹራንሱ አለ። ስፔን ውስጥ ፈቃድ ካለው ኩባንያ የተገዛ፣ ሐኪም ጋ በሄዱ ቁጥር ከኪስ የማያስከፍል፣ ሙሉ ዓመት የሚሸፍን የግል የጤና ኢንሹራንስ ግዴታ ነው። ስኳር እንዳለብዎት ሲያውቁ ወይ እሱን አንሸፍንም ብለው ያወጡታል፣ ወይ ዋጋውን ይሰቅሉታል፣ ወይ ጭራሽ አይቀበሉዎትም። ዕድሜም አለበት፣ ከ70 ወይ ከ75 በኋላ አዲስ ደንበኛ የማይቀበሉት ብዙ ናቸው፣ ስለዚህ «ደክሞኝ ስተኛ ያኔ እሄዳለሁ» የሚባለው ነገር ስፔን ላይ አይሰራም፣ የሚገባው በጤና ነው። አንድ ዓመት በሕጋዊ ነዋሪነት ከቆዩ በኋላ ግን «ኮንቬኒዮ እስፔሲያል» የሚባል በር አለ፣ ከ65 ዓመት በታች በወር 60 ዩሮ፣ 65 ከሞላ 157 ዩሮ እየከፈሉ ወደ መንግስት ሕክምናው መግባት ይቻላል፣ ነባር በሽታ አለብህ ብሎ አይመልስም፣ መድኃኒት ግን በራስ ኪስ ነው። ይሄ ጥሩ ነገር ነው አልክድም፣ ለዚህ ሲሉ ጠቅልለው የሚገቡ ሰዎች አሉ።

አሁን ወደ ቀኑ ልምጣ። ስፔን 5 ዓመት ኖረው ረጅሙን መኖሪያ ሲጠይቁ በነዚያ 5 ዓመታት ውስጥ ከአገሩ የወጡበት ቀን ተደምሮ ከ10 ወር መብለጥ የለበትም፣ ባንዴ ደግሞ ከ6 ወር። እርስዎ በዓመት 6 ወር ባህር ዳር ልኑር ነው የሚሉት፣ ሁለተኛው ዓመት ሳያልቅ 10 ወሯ ታልፋለች። በሌላ በኩል በዓመት ከ183 ቀን በላይ ስፔን ከተቀመጡ የስፔን ታክስ ከፋይ ሆኑ ማለት ነው፣ የአሜሪካ ጡረታዎንም፣ የሽምብጡን ቤት ኪራይም፣ ዓለም ላይ ያለዎትን ገቢ ሁሉ ይጠይቁዎታል፣ ከአገር ውጭ ከ50,000 ዩሮ በላይ በባንክ ካለም «720» በሚባል ፎርም ይመዘገባል፣ ያቺ 160 ሺ እዚህ ውስጥ ናት። የአሜሪካ ዜጋ ስለሆኑ የአሜሪካውን ታክስ ደግሞ የትም ይሁኑ የት ይሞላሉ። እና ቪዛው ካልቆዩበት አያድግልዎትም፣ ከቆዩበት ደግሞ ያስታክስዎታል። ቤት ገዝቶ መኖሪያ ማግኘት ይቻል ነበር፣ የ500 ሺ ዩሮው መንገድ፣ እሱ በኤፕሪል 2025 ተዘግቷል፣ አሁንም «አለ» የሚል ደላላ ካጋጠመዎት ስልኩን ይዝጉት።

ታዲያ ምን ይሻላል? ፓስፖርትዎ። የአሜሪካ ፓስፖርት ይዘው ሼንገን ውስጥ፣ ስፔን ያለችበት የአውሮፓ አገሮች የጋራ ድንበር ማለት ነው፣ በየ180 ቀኑ 90 ቀን ያለ ምንም ቪዛ መቀመጥ ይችላሉ፣ ባንክ አያሳዩ፣ ኢፕሬም አያውቁ። አቆጣጠሩ ሰውን ያደናግራል እንጂ ከባድ አይደለም፣ ዛሬ ላይ ቆመው ወደኋላ 180 ቀን ይቆጥራሉ፣ በዛ ውስጥ ሼንገን ያደሩበት ቀን ከ90 ካልበለጠ ሰላም ነው። የገቡበትም የወጡበትም ቀን ይቆጠራል፣ እዚህ ጋ ነው ሰው የሚሳሳተው። ጣሊያንም ግሪክም ፈረንሳይም ቢያድሩ ያው አንድ ኪስ ነው፣ ለየብቻ አይደለም።

እኔ ብሆን እንዲህ ነው የማረገው። የካቲት 8 እገባለሁ፣ ፌብሯሪ 15 ማለት ነው፣ ግንቦት 7 ማለትም ሜይ 15 እወጣለሁ፣ ልክ 90 ቀን። ለምን የካቲት? እዚህ መጋቢትና ሚያዝያ ሙቀቱ 30 ዲግሪ ይገባል፣ ሐይቁ ወደ ውስጥ ሸሽቶ ዳር ዳሩ ጭቃ ይሆናል፣ አቧራው አያስቀምጥም፣ አሊካንቴ ደግሞ ያኔ ገና ፀደይ ነው፣ ቱሪስቱ አልገባም፣ ኪራዩ አልናረም። ክረምቱን ወደዛ ልሽሽ ብለው እንዳያስቡ፣ የኛ ሐምሌና ነሐሴ የነሱ ሙቀትና የነሱ ግርግር ነው፣ ባህር ዳርቻው ላይ ፎጣ የሚዘረጉበት ቦታ አያገኙም፣ ዋጋውም ሌላ ነው። ክረምቱን እዚሁ ይቀመጡ፣ ሽምብጥ ዝናቡ በቆርቆሮው ላይ ሲወርድ እሸት በቆሎ እየጠበሱ፣ መስቀልን፣ ገናን፣ ጥምቀትን እዚህ ያሳልፉ። ፋሲካ ነው የሚያጣላው፣ በየዓመቱ አሊካንቴ እያሉ ነው የሚደርስባችሁ፣ ባለቤትዎ በዚህ የሚስማሙ አይመስለኝም፣ እኔ ጋ የመጡ ባልና ሚስት በሱ ምክንያት ጨርሰው ተዉት። ለፋሲካ አዲስ አበባ ድረስ መጥቶ መመለስም ይቻላል፣ የኛው አየር መንገድ ማድሪድ ይበራል፣ ከማድሪድ አሊካንቴ በፈጣኑ ባቡር ሁለት ሰዓት ተኩል ገደማ ነው፣ ቲኬቱን ግን እርስዎ ያስቡት።

በመከር ሌላ 90 ቀን መድገም ሕጉ ይፈቅዳል፣ 90 እና 90 ሲደመር 180 ነው፣ ከ183ቷ በሦስት ቀን ያንሳል። እኔ ግን እዛ ጫፍ ላይ አልጫወትም፣ አንድ በረራ ቢሰረዝ፣ አንድ ጉንፋን ቢያስተኛ ያልፋል። በዓመት ከ150 ቀን ባይበልጥ ደስ ይለኛል።

አሁን ትልቁ ነገር፣ ባለቤትዎ። ይሄ ሁሉ የሚሰራው ለእርስዎ ነው እንጂ ለሳቸው አይደለም። እሳቸው የያዙት የኢትዮጵያ ፓስፖርትና ግሪን ካርድ ነው፣ ግሪን ካርድ ስፔን አያስገባም፣ በየጊዜው የሼንገን ቪዛ መሰለፍ አለባቸው። ከዛ በላይ ደግሞ ግሪን ካርድ የያዘ ሰው ከአሜሪካ ውጭ ከአንድ ዓመት በላይ ከቆየ አገሩን እንደተወ ነው የሚቆጠረው፣ አስቀድመው የመመለሻ ፈቃድ ቢያወጡ እንኳን 2 ዓመት ነው። የጡረታው ክፍያ ራሱ ዜጋ ላልሆነ ሰው ከ6 ወር በላይ ውጭ ሲቆይ ሊቋረጥ የሚችልበት ሁኔታ አለ። ስለዚህ ምንም ነገር ከመሸጥዎ፣ ምንም ነገር ከመፈረምዎ በፊት እሳቸው ዜግነቱን ይጨርሱ።

እንግሊዝኛውን ለፈሩት ደግሞ ይሄን ያንብቡላቸው። ዕድሜው 55 የሞላ፣ በግሪን ካርድ 15 ዓመት የኖረ ሰው ከእንግሊዝኛው ፈተና ነፃ ነው። የታሪክና የመንግስት ጥያቄውን በአማርኛ፣ አስተርጓሚ ይዞ ይመልሳል። እሳቸው 58 ናቸው፣ 16 ዓመት አላቸው፣ ሁለቱንም አልፈዋል! ይሄን የማያውቅ ስንት እናት አለ መሰለዎት፣ ልጆቻቸው ራሳቸው አይነግሯቸውም። ብቻ ከማመልከታቸው በፊት ባሉት 5 ዓመታት ውስጥ ቢያንስ 30 ወር አሜሪካ ውስጥ በአካል መኖር አለባቸው፣ ስለዚህ «እስከዛ ባህር ዳር ሄጄ ልረፍ» እንዳይሉ።

ዜግነቱን ሲወስዱ የኢትዮጵያውን ያጣሉ፣ በአዋጅ 378/1996 ሁለት ዜግነት የለም። አይደንግጡ፣ ሁለታችሁም በአዋጅ 270/1994 ቢጫ ካርድ ታወጣላችሁ፣ ያለ ቪዛ መግባት፣ መኖር፣ መስራት፣ ቤት በስም መያዝ ይቻላል፣ መምረጥና መመረጥ ነው የሚቀረው። የሽምብጡን ቤት በተመለከተ ግን አንድ ጥያቄ አለኝ፣ ካርታው በማን ስም ነው? በእናትዎ ስም ከሆነ ገና አልወረሱም ማለት ነው፣ «ሁሉም ሰው የኔ መሆኑን ያውቃል» ወረቀት አይደለም። የወራሽነት ማስረጃ ከፍርድ ቤት ወጥቶ፣ ስሙ ዞሮ፣ ግብሩ ተከፍሎ ነው ቤት የሚባለው። ከእህትዎ ልጅ ጋ ደግሞ በስልክ አይነጋገሩ፣ መጥተው ቡና ተፈልቶ ይሁን። ልጁን አያስወጡት እንዲያውም፣ እርስዎ በሌሉበት ወራት ቤቱን የሚጠብቅ ሰው ያስፈልግዎታል፣ ግቢው ከበቃ ሰርቪሱን ለሱ አድሰው ዋናውን ቤት ለናንተ ያርጉት፣ ስንት ቤተሰብ በዚህ ተጣልቶ አይቻለሁ።

ስለ ጡረታው። 64 ላይ መጀመር ይቻላል፣ የእርስዎ ሙሉ ዕድሜ ግን 67 ነው፣ ቀድመው በጀመሩ ቁጥር ለዘላለሙ ይቀነሳል፣ 62 ላይ ለሚጀምር ቅናሹ 30 በመቶ ነው፣ ከ67 በኋላ ለሚያቆየው ደግሞ እስከ 70 ድረስ በየዓመቱ 8 በመቶ ይጨምራል። ሰው ይሄን ሲያሰላ ራሱን ብቻ ነው የሚያሰላው፣ «መች እንደምሞት ምን አውቄ፣ አሁን ልብላ»። እርስዎ ቢቀድሙ ግን ባለቤትዎ ከራሳቸውና ከእርስዎ ጡረታ ትልቁን ነው የሚቀበሉት፣ ከእርስዎ በ6 ዓመት ያንሳሉ፣ ሴት ደግሞ ትቆያለች። ስለዚህ የሚያዘገዩት ለሳቸው ነው። ባህር ዳር በራሳችሁ ቤት፣ ኪራይ ሳይኖርባችሁ፣ ከቁጠባው ትንሽ ትንሽ እየነካችሁ እስከ 67 መቆየት ከቻላችሁ ሂሳቡ የሚያዋጣው እሱ ነው። ክፍያው ሲጀምር እዛው አሜሪካ ባንክ ይግባ፣ ወደዚህ እንደሚያስፈልግዎት መጠን በባንክ ይላኩ። የብር ምንዛሪ ከሐምሌ 2016 ወዲህ በገበያ ሲወሰን አንድ ዶላር ከ57 ብር አካባቢ ተነስቶ ከእጥፍ በላይ ሆኗል፣ ባንዴ መንዝሮ የተቀመጠ ሰው ምን እንደደረሰበት ጎረቤትዎን ይጠይቁ።

ሜዲኬር፣ የአሜሪካ መንግስት ለአዛውንት የሚሰጠው የጤና ኢንሹራንስ፣ 65 ላይ ነው፣ በቃ ደርሰዋል። ሜዲኬር ስፔንም ኢትዮጵያም አይከፍልም። እና ሰው «ለማልጠቀምበት ለምን ልክፈል» ይልና ክፍል ቢ የሚባለውን፣ በየወሩ የሚከፈልበትን፣ ይተወዋል፣ በ2025 በወር 185 ዶላር ነበር፣ እውነት ነው ያማል። ግን ትተውት በኋላ ልግባ ካሉ ለእያንዳንዱ 12 ወር መዘግየት 10 በመቶ ቅጣት ይጨመራል፣ እስከ ዕድሜ ልክ። እኔ ክፈሉ ነው የምለው። ኪኒንዎን እዚህም አሊካንቴም ይገዙታል፣ ልብ ተከፍቶ የሚሰራበት፣ ካንሰር የሚታከምበት ቀን ከመጣ ግን የሚሄዱበት በር ያ ነው። ለመንገዱና ለስፔኑ ቆይታ የጉዞ ኢንሹራንስ ለብቻ ይገዛል፣ ስኳሩን ሳይደብቁ ጽፈው፣ ደብቀው የገዙት ኢንሹራንስ የሚጠቅመው ኩባንያውን ነው።

እስካሁን ስለ አሊካንቴ ራሷ አላወራሁም። እኔ በ2011 ዓ.ም. የካቲት ላይ 5 ሳምንት ተከራይቼ ኖሬባታለሁ። ካሮሊናስ በሚባል ሰፈር፣ ኮረብታው ላይ ካለው ሳንታ ባርባራ ግንብ ጀርባ፣ አሮጌ ሕንጻ፣ 4ኛ ፎቅ፣ ሊፍት የለውም። ርካሽ ስለሆነ ደስ ብሎኝ ነው የገባሁት። ፎቶው ላይ የማይታየው ነገር ቅዝቃዜው ነው ጋሼ። ውጭ ፀሐይ ነው፣ ሰው በሸሚዝ ይሄዳል፣ ቤት ሲገቡ ጃኬት ይለብሳሉ፣ ወለሉ ሴራሚክ፣ ግድግዳው ቀጭን፣ ማሞቂያ የሚባል የለም። የሚሞቀው በቡታጋዝ ነው፣ እነሱ ቡታኖ ይሉታል፣ ብርቱካናማ ሲሊንደር፣ ጋዙ ብቻ 12 ኪሎ ተኩል፣ ብረቱም ያንኑ ያህላል። ሻጩ ጠዋት በመኪና እየዞረ ሲሊንደሩን በብረት ይመታል፣ ኪው ኪው ሲል ሰው በመስኮት ይጮሃል። አንዴ አምልጦኝ ራሴ ከታች ተሸክሜ ወጣሁ፣ ሦስተኛው ፎቅ ላይ ቁጭ ብዬ ነው ትንፋሼን የሰበሰብኩት፣ ያኔ 40 ዓመትም አልሞላኝ።

ፊት ለፊቴ ያለው በር ላይ ብቻቸውን የሚኖሩ ባልቴት ነበሩ፣ ከ80 የዘለሉ ስፔናዊት። ቋንቋ አንግባባም። በሁለተኛው ቀን በሩን ከፍተው ሳንቲም በእጄ አስቀመጡና በጣታቸው ወደ ታች አሳዩኝ፣ ዳቦ ማለታቸው ነው። ከዛ በኋላ እስክሄድ ድረስ ጠዋት ጠዋት ዳቧቸውን አመጣሁ። በ5 ሳምንት ውስጥ ደረጃውን ሲወርዱ አላየኋቸውም። ባህሩ ከቤታቸው በእግር ግማሽ ሰዓት አይሆንም፣ እኔ ግን እሳቸው መቼ እንዳዩት እንጃ።

ከተማዋ ጥሩ ናት፣ ይሄን ስላልኩ እንዳይከፉ። ገበያው ውስጥ ዓሣው እንደኛ ቆረሶ ሲያዩት ገና ይገላበጣል፣ ትራሟ ከመሀል ከተማ ተነስታ ባህር ባህሩን እስከ ቤኒዶርም ትሄዳለች፣ የባህሩ ዳር መንገድ ለእግር ሜዳ ነው፣ ፖሊስ ምን ትሰራለህ ብሎ አላስቆመኝም። ርካሽነቷ ግን ጓደኛዎ እንደሚሉት አይደለም፣ ወይም እሳቸው የገቡበት ጊዜ ሌላ ነበር። አሁን ሁለት መኝታ ቤት 900 ዩሮና ከዛ በላይ ነው የሚጠራው። ከ3,000 ዩሮ ገቢ ላይ ይቻላል፣ ከ1,900 ላይ ግን ግማሹ ሄደ ማለት ነው። አልሜሪያ ይረክሳል፣ ካርታኼናም፣ አየሩም ያው ነው፣ ስማቸው ስላልገነነ ነው።

አንድ ብልሃት ልንገርዎ። ባህሩ ዳር ያለው ባለቤት ሐምሌና ነሐሴን ለቱሪስት በሳምንት ነው የሚያከራየው፣ ከመስከረም እስከ ሰኔ ባዶ እንዳይሆንበት «ቴምፖራዳ» የሚሉትን የወቅት ኪራይ ያከራያል። የእርስዎ የካቲት እስከ ግንቦት እዛ ውስጥ ነው። ውል ላይ የወቅት ኪራይ መሆኑና ምክንያቱ ይጻፍ፣ መብራትና ውሃ ማን እንደሚከፍል ይጻፍ። ቤቱን ሳያዩ ከፊት ብር አይላኩ፣ የመጀመሪያውን ሳምንት ሆቴል አርፈው በእግር ዞረው ይዩ።

ሌሎቹን አገሮች ጠይቀዋል፣ ቶሎ ቶሎ ልበላቸው። ግሪክ የራሱ ገቢ ላለው ሰው የሚሰጠውን ቪዛ ወደ 3,500 ዩሮ በወር ከፍ አርጎታል፣ ጡረታ ላይ የሚያስከፍለው ታክስ ግን 7 በመቶ ብቻ ነው ለ15 ዓመት፣ ብር ላለው ሰው ይጥማል፣ ለእርስዎ አይሆንም። ጣሊያንም በደቡብ ትንንሽ ከተሞች ያችኑ 7 በመቶ ይሰጣል። ቱርክ፣ መርሲንና አንታሊያ፣ ስሙ የወጣው በርካሽነት ነው፣ ግን በኦክቶበር 2022 የዋጋ ንረቱ በመንግስት ቁጥር እንኳን 85 በመቶ ደርሶ ነበር፣ በቱሪስት ስም የሚሰጠውን መኖሪያም አጥብቀውታል፣ ቤት ገዝቼ ልኑር ካሉ ከ200 ሺ ዶላር ጀምሮ ነው። ቱኒዚያ በዋጋ ማንም አያክላትም፣ ግን በፌብሯሪ 2023 ፕሬዚዳንቷ ስለ ጥቁር ስደተኞች ከተናገሩ በኋላ ሰው ከቤቱ ሲባረር፣ ሲደበደብ አይተናል፣ ያንን ቀን ፓስፖርትዎን ማንም አይጠይቅዎትም፣ መልክዎን ነው የሚያየው፣ እኔ አልክም። አልባኒያን ግን ያስቡት። የአሜሪካ ዜጋ ያለ ቪዛ አንድ ዓመት ይቀመጣል፣ ሼንገን ስላልሆነች ከ90ዋ ቀን አትቀንስም፣ ቭሎራና ሳራንዳ ውሃቸው እንደ ብርጭቆ ነው፣ ሆስፒታሉ ነው ደካማው።

እዚህም ሁሉ አልጋ በአልጋ አይደለም፣ በፎቶ የሚያታልሉት ስፔኖች ብቻ አይደሉም። ሽምብጥ ወባ አለ። 27 ዓመት አሜሪካ የኖረ ደም የልጅነቱን አይችልም፣ በተለይ ከመስከረም እስከ ኅዳር አጎበር ሳይዘረጉ አይተኙ። ከሐይቁ ዳር ውሃ ውስጥ እግር መንከር እንደ ልጅነት አይቻልም፣ ቢልሃርዚያ አለ። ሕክምናው ፈለገ ሕይወትና ጥበበ ጊዮን ሆስፒታሎች ናቸው፣ ሐኪሞቹ ጎበዞች ናቸው፣ ወረፋውና የመድኃኒት እጥረቱ ነው፣ የስኳር ኪኒንና የመለኪያ ወረቀቱን የ3 ወር ይዘው ይምጡ። አዲስ አበባ በመኪና መሄዱን ብዙዎቻችን ትተነዋል፣ በአውሮፕላን ነው። ከ2015 ክረምት ጀምሮ የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ጠፍቶብን ነበር፣ ስለዚህ የአሜሪካ ባንክዎ ኮድ በስልክ ካልላከ አላስገባም የሚል ከሆነ ለልጅዎ ውክልና ሰጥተው ይምጡ። አሜሪካ ሳሉ ይሄ ቀላል ነው፣ እዚህ ከመጡ በኋላ መከራ ነው።

ያልጠየቁኝ አንድ ነገር አለ፣ ሰው ሁሉ ስለሚፈራው እኔው አነሳዋለሁ። ከሁለት አንዳችሁ እዛ ብትሞቱስ? አሊካንቴ መቃብሩ እንደ ኮመዲኖ ተደራርቦ የተሰራ ግድግዳ ነው፣ ቦታው ለተወሰነ ዓመት ይከራያል፣ ካልታደሰ አጽሙ ይነሳል። አስከሬን ወደዚህ ማምጣት ይቻላል፣ ወረቀቱ ብዙ፣ ዋጋው ከባድ ነው፣ የጉዞ ኢንሹራንሱ ሲገዛ «አስከሬን መመለስ» የሚለው መስመር መኖሩን በጣት ያንብቡት። እዚህ ደግሞ እድር በመጡ ማግስት ይግቡ፣ ሽማግሌ አዲስ አባል ላይ መግቢያው ከፍ ይላል፣ የእናትዎ እድር ግን ወራሽ ብሎ ሊቀበልዎ ይችላል፣ የእህትዎን ልጅ ይጠይቁት፣ ምናልባት ወርሃዊውን እሱ ሲከፍል ኖሮ ይሆናል።

ለባለቤትዎ የዜግነት ማመልከቻ ስታስገቡ የ5 ዓመት የመውጫና መግቢያ ቀናቸውን ከፓስፖርቱ ማህተም ላይ አውጥተው በወረቀት ይላኩልኝ፣ 30 ወሩ መሙላቱን እኔ እቆጥርላችኋለሁ። የካርታውንም ፎቶ ጨምሩበት፣ ፊትና ጀርባውን። እና አሊካንቴ ለቤት ስትደውሉ ከዋጋው በፊት ስንተኛ ፎቅ እንደሆነና ሊፍት እንዳለው ጠይቁ።